ሩቁ ሲሰማ፣ ቅርቡ ሳይሰማ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» እንላለን። እኔም አባባሉን ሳልጠራጠር ኖሬአለሁ። መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን የአንድ አማተር የሬዲዮ ሰው ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ ግን፣ ተረቱ በሞገድ ዓለም ሁልጊዜ እንደማይሠራ ተረድቻለሁ።

ግንቦት 17 ቀን 1920 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1928) በኡምቤርቶ ኖቢሌ የምትመራው «ኢታሊያ» የተባለች የአየር መርከብ ከሰሜን ዋልታ ስትመለስ የባሕር በረዶ ላይ ወደቀች። ከ16ቱ ተሳፋሪዎች ስድስቱን ፊኛው እንደገና አንስቶ ይዟቸው ሄደ፤ የገቡበት አልታወቀም። አሥሩ በረዶው ላይ ቀሩ፤ አንዱ ወዲያው ሞተ። ቴሌግራፊስቱ ጁሴፔ ቢያጂ ከአደጋው የተረፈች አንዲት አነስተኛ የአጭር ሞገድ ማስተላለፊያ አግኝቶ በሞርስ የድረሱልን ጥሪ ይልክ ጀመር።

መልስ ግን የለም። ረዳታቸው «ቺታ ዲ ሚላኖ» መርከብ ስፒትስበርገን ደሴት ላይ ቆማለች። የሌሎችን ቴሌግራም ስታስተላልፍ ጥሪውን ችላ አለች ተብላ በኋላ ተወቅሳለች። ሌላም ምክንያት አለ። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከላይኛው ከባቢ አየር ተንጸባርቆ ሩቅ አገር ሲያርፍ፣ መካከል ያለውን ስፍራ ይዘለዋል።

ግንቦት 26 ቀን፣ ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቅ ቮዝኔሴንዬ-ቮኽማ በተባለ የሩሲያ መንደር፣ ኒኮላይ ሽሚት በገዛ እጁ በሠራው መቀበያ ደካማ ድምፅ ሰማ። ነጥቡና ሰረዙ በጩኸት መካከል ብቅ ጥልቅ ይላል። እርሱም የተሰማውን ያህል ጻፈ። «ኢታሊያ»፣ «ኖቢሌ»፣ «ኤስ ኦ ኤስ» የሚሉት ተለይተዋል። የቦታው ስም ግን ተቆራርጦ ስለነበር፣ የፎይን ደሴት መሆኑ ቀርቶ የፍራንዝ ዮዜፍ ምድር መሰለ። ያም ሆኖ ወሬው ሞስኮ ደረሰ። ከሦስት ቀን በኋላ ቢያጂ የሮምን ዜና ሲያዳምጥ ጥሪው መሰማቱን ሰማ። ሐምሌ 5 ቀን «ክራሲን» የተባለችው የሶቪየት በረዶ ሰባሪ መርከብ ድንኳኑ ዘንድ የቀሩትን 5 ሰዎች አነሳች።

ሽሚትስ? በፈረንጆቹ 1942፣ በስታሊን ዘመን፣ ታሽኬንት ውስጥ በጥይት ተገደለ። ንጹሕ መሆኑ የታወጀለት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የሌላውን ጩኸት ከዚያን ያህል ርቀት የሰማ ሰው፣ የእርሱን የሚሰማለት ከአጠገቡ ማጣቱ እስካሁን ያሳዝነኛል።