ሰው የማያልፍበት ድንበር፣ ጋዝ ያለፈበት ቧንቧ

ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ አንድ ቧንቧ ታሪክ ነው። ቧንቧው የውሃ አይደለም፤ የጋዝ ነው። ጋዝ ስል ደግሞ ኩራዝ ውስጥ የምንጨምረው ላምባ እንዳይመስላችሁ። የተፈጥሮ ጋዝ እንደ አየር ያለ ነው። ከምድር በታች ጠልቆ ይገኛል። በቧንቧ ተገፍቶ ሩቅ አገር ይደርሳል። ምድጃ ያነዳል፤ ኤሌክትሪክ ያመነጫል።

አልጄሪያና ሞሮኮ በሰሜን አፍሪካ ጎረቤታሞች ናቸው። ከሞሮኮ ማዶ፣ ጠባቡን ባሕር ሲሻገሩ፣ ስፔን አለች። በአልጄሪያ በረሃ፣ ሐሲ ርመል በሚባል ሥፍራ፣ በ1956 ብዙ ጋዝ ተገኘ። ዘመኑን የምቆጥረው በአውሮፓውያን ነው። ይህን ጋዝ ለስፔን ለመሸጥ በሞሮኮ ምድር የሚያልፍ ቧንቧ እንዲዘረጋ ተስማሙ። በዚያ በኩል ከባሕር በታች የሚሄደው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ታዲያ በ1994 ሁለቱ ጎረቤታሞች ተጣሉ። ማራካሽ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ታጣቂዎች ጎብኚዎችን ገደሉ። ሞሮኮ አልጄሪያን ጠረጠረች፤ አልጄሪያውያን ያለ ቪዛ እንዳይገቡም አዘዘች። አልጄሪያ ደግሞ የየብስ ድንበሯን ዘጋች። ዙጅ ብገል የሚባል መተላለፊያ ኬላ አለ፤ ትርጉሙ «ሁለት በቅሎ» ማለት ነው። እዚያ ኬላ ላይ መንገዱ ተቆረጠ። አንዱ ወንድም ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ቀረ። አጎቱን ሊጠይቅ የፈለገ ሰው፣ የአጎቱ መንደር ከፊቱ እየታየው፣ በአውሮፕላን መዞር ግድ ሆነበት።

የቧንቧው ሥራ ግን አልቆመም! በ1996 ጋዙ ድንበሩን አቋርጦ ስፔን ገባ። እኔን የሚደንቀኝ ይኸ ነው። ለሰው የተዘጋው ድንበር ለጋዝ 25 ዓመት ክፍት ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አልጄሪያ ገበያ ትፈልግ ነበር፤ ሞሮኮም ስለ መተላለፊያው ድርሻዋን በጋዝ እየወሰደች ኤሌክትሪክ ታመነጭበት ነበር። ለተለያዩት ቤተሰቦች ግን እንዲህ ያለ ውል የተዋዋለላቸው የለም።

በ2011 አልጄሪያ ሞሮኮን ሳይነካ በባሕሩ ሥር በቀጥታ ስፔን የሚደርስ ሌላ ቧንቧ አገኘች። እንግዲህ የጎረቤቷ መንገድ እንደ ድሮው አላስፈለጋትም። በነሐሴ 2021 የዲፕሎማሲ ግንኙነቷን አቋረጠች። የቧንቧው ውል ጥቅምት 31 ቀን ሲያልቅም አላደሰችውም። በሞሮኮ በዚህ ጋዝ ይሠሩ የነበሩ ሁለት የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ጋዝ አጡ።

ሞሮኮ ምን አደረገች? በዓለም ገበያ ጋዝ ገዛች። ጋዙ በቅዝቃዜ ፈሳሽ ሆኖ በመርከብ ስፔን ይደርሳል፤ እዚያ ተመልሶ ጋዝ ይሆናል። ከሰኔ 2022 ጀምሮ በዚያው በአሮጌው ቧንቧ፣ አሁን ግን ከስፔን ወደ ሞሮኮ፣ ወደ ኋላ ይፈስ ጀመር። ዙጅ ብገል ግን ያን ጊዜም እንደተዘጋ ነበር።