ከየኔታ እስከ ፕላዝማ

ውድ አንባቢ፣ እስቲ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተማሩዎትን መምህራን በስም ይቁጠሩ። ቆጥረው ሲጨርሱ ደግሞ ጥያቄውን ይገልብጡትና ከእነዚያ መምህራን መካከል የእርስዎን ስም ያውቁ የነበሩት ስንቶቹ እንደሆኑ ራስዎን ይጠይቁ። እዚህ አሜሪካ ታክሲ መንዳት ከመጀመሬ በፊት በአገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ መምህር ስለነበርኩ፣ ይህንኑ ጥያቄ ለብዙ ወገኖች አቅርቤያለሁ። በንጉሡ ዘመን የተማሩት የመምህራኑን ስም ከነቅጽሉ ያወርዱታል፤ ማን ቤት ተጠርተው ቡና እንደጠጡ ሁሉ ይነግሩኛል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተማሩት ግን አሰብ ያደርጉና “አንድ ሁለት ቢሆኑ ነው” ይላሉ። በእኔ እምነት ይህ ልዩነት በመምህራን ደግነት ወይም ክፋት የመጣ አይደለም። የራሱ ታሪክ አለውና ዛሬ ስለ እርሱ ላጫውትዎ።

“የኔታ” የሚለው መጠሪያ “የእኔ ጌታ” ከሚለው ያጠረ ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ አገር አቋርጦ የሚሄደው ወደ አንድ ሕንፃ ሳይሆን ወደ አንድ ሰው ነው። “የት ተማርክ?” ሲባልም የሚጠራው የመምህሩን ስም ነው። የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ይመልከቱ። ተማሪው ጥላ ፈልጎ ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር ይውልና ተራው ሲደርስ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምተው፣ የተሰበረውን አቃንተው፣ ያማረውን አመስግነው ይመልሱታል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚወስደው መንገድ እንዲህ በአፍና በጆሮ አንድ በአንድ የሚታለፍ ነው። በመሆኑም ማን የት እንደደረሰ፣ የማን አእምሮ እንደፈጠነ፣ ማን ደግሞ ቀፈፋ ሳይቀናው ቀርቶ በረሃብ እንደደከመ የኔታ ያውቃሉ። የኔታ ሁሉ መልአክ ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ አርጩሜውን የቀመሰ ያውቀዋል። ነገር ግን የሚገርፉትንም ልጅ ቢሆን ከነአባቱ ስም ያውቁት ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ይህ ክር ላላ። እ.ኤ.አ. በ1908 የምኒልክ ትምህርት ቤት ሥራ ሲጀምር መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ተማሪው መምህሩን የሚሰማው በአብዛኛው በባዕድ ቋንቋ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ፤ ከነፃነት በኋላም የሁለተኛ ደረጃ መምህር ለረጅም ጊዜ ከህንድ፣ ከካናዳ፣ ከእንግሊዝ የሚመጣ እንግዳ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወደ 300 የሚጠጉ ወጣቶችን ልኮ ብዙዎቹ በየጠቅላይ ግዛቱ በመምህርነት ተመደቡ። ከእነዚህ እንግዶች መካከል እስከ ዛሬ በፍቅር የሚነሱ አሉ። ሆኖም ኮንትራታቸው ሲያልቅ ይሄዳሉ።

ክሩን መልሶ ያጠበቀው ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው እላለሁ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሕግ መሠረት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር ማገልገል ግዴታው ነበር፤ አብዛኛውም የሚመደበው በመምህርነት ነው። እንግዲህ የሃያ አንድና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት አንድ የወረዳ ከተማ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው ያስቡት። የሚያስተምራቸው ልጆች በዕድሜ ከእርሱ ብዙ አይርቁም። ከገጠር የመጡት በየሳምንቱ ስንቅ እየተላከላቸው በኪራይ ቤት ይኖራሉ፤ እርሱም የሚኖረው በኪራይ ቤት ነው። ከአንድ ሱቅ ሻማ ይገዛሉ፣ በአንድ ጎዳና ያመሻሉ። ወጣቱ መምህር የጭሰኛውን ኑሮ በመጽሐፍ ሳይሆን ከተማሪው አፍ ሰማ፤ ተማሪውም በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች “መሬት ለአራሹ” ብለው ሰልፍ የወጡበትን ምክንያት ከመምህሩ ሰማ። መንግሥት አገልግሎቱን ያቋቋመው የመምህር እጥረቱን ሊያቃልል፣ የከተማውንም ተማሪ ከአገሩ ሊያስተዋውቅ ነበር። መተዋወቁ ግን መንግሥት ካሰበው በላይ ሠመረ።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የሆነውን ያለዚህ ትውውቅ መረዳት ያዳግታል። “ሴክተር ሪቪው” በመባል የታወቀው የትምህርት ጥናት ይፋ ሲሆን፣ የድሃ ልጅ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ሊደረግ ነው ተብሎ ተፈራ። መምህራንም የገዛ ኑሯቸው አሳስቧቸው ስለነበር የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ፤ ተማሪና ወላጅ ከጎናቸው ቆመ። የነዳጅ ዋጋ የናረባቸው የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም በዚያው ዕለት አድማ መቱ። (ሁለቱንም እንጀራ የቀመስኩ ሰው ስለሆንኩ ይህችን ቀን ባነሳሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ።) በቀናት ውስጥ ንጉሡ የነዳጁን ዋጋ ቀነሱ፣ ጥናቱም በሥራ ላይ እንዳይውል ተደረገ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ አብረው ዘመቱ፤ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ቀይ ሽብር መጣና ያንኑ ትውልድ በላው። በተረፉት ዘንድ መምህር ተማሪውን፣ ተማሪም መምህሩን መጠርጠር ለመደ። ዝም ብሎ አስተምሮ ዝም ብሎ መውጣት ራስን ማዳኛ ሆነ።

ወደ ራሴ ዘመን ልምጣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ከጸደቀ ወዲህ የተማሪው ቁጥር እንደ ክረምት ወንዝ ሞላ። እኔ በአንድ ክፍል ከ80 በላይ ተማሪዎች አስተምር ነበር፤ በቀን አምስት ክፍል ሲገቡ ስንት ስም እንደሚሆን ያስሉት። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 ፕላዝማው ገባ። ከአራት መቶ በላይ ለሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ጀመር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የአዲስ አበባው ልጅ የሚያገኘውን ትምህርት የጠረፉ ልጅም እኩል ያግኝ ነው የተባለው፤ በቂ መምህር አለመኖሩም እውነት ነው። ሆኖም ከአንዱ ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ያህሉን ደቂቃ የሚወስደው ቴሌቪዥኑ ሲሆን፣ ለመምህሩ የሚተርፈው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለችው አሥር ደቂቃ ናት። ስርጭቱ አገር አቀፍ ስለሆነ “ቆይ፣ አልገባኝም” ተብሎ አይቆምም። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያም “በጣም ጥሩ” ብሎ ያልፋል። ማን እንደመለሰለት እግዜር ይወቀው። ተማሪዎቻችን መምህሩን “ቁልፍ ያዥ” ይሉን ጀመር።

የሚገርመው ክፍሉ የሚነቃው መብራት ሲጠፋ ነበር። ስክሪኑ ጭል ብሎ ሲጠፋ ሰማንያው ልጅ በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ይዞራል፤ የታፈነው ጥያቄ ሁሉ ያን ጊዜ ይወጣል። መብራት ባለበት ቀን ደግሞ በሠላሳው ደቂቃ ውስጥ ድምፄን አጥፍቼ በወንበሮቹ መካከል እየዞርኩ ደብተር አይ ነበር። አንድ ቀን ከሩቅ ገበሬ ማኅበር መጥታ በኪራይ ቤት የምትኖር የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ደብተር ላይ “ዘ ሊፍ አብዞርብስ ሰንላይት” የሚል በፊደላችን ተጽፎ አየሁ። እንግሊዝኛው ፈጥኖ ስለሚያመልጣት የሰማችውን ድምፅ በአማርኛ ፊደል እየለቀመች ማታ በኩራዝ ልትፈታው ነበር ሐሳቧ። ሁለት ገጽ ሙሉ እንዲህ ጽፋለች፤ ከድምፁ አንድም አልሳተችም! ያን ዕለት ከትምህርት በኋላ አስቀርቼ ቅጠሉንና ፀሐዩን በአማርኛ አስረዳኋት። በማግስቱ ስድስት ሆነው ቆዩ፤ ወሩ ሲያልቅ ሃያ። ከአለቆቼ አንዱ መርሐ ግብሩን እንደሚያፋልስ ቆጥሮት ክፍሉን ቢያስቆልፍብንም ከባሕር ዛፉ ሥር ቀጠልን። የሃያዎቹን ስም ዛሬም አልረሳሁም። የቀሩት ስድሳዎቹ ግን በስም ዝርዝር ላይ ያሉ ቁጥሮች እንደሆኑ አለፉ፤ ቀኑ ከዚያ በላይ አይበቃም ነበርና።

እዚህ አገር ላለነው ደግሞ ከዚህ ታሪክ የተረፈን አንድ ጠባሳ አለ፤ “ወላጅ አምጣ” ይባላል። በእኛ ዘመን ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጅ ሲደባደብ ወይም መስኮት ሲሰብር ብቻ ነበር። ስለዚህ ከልጃችን ትምህርት ቤት የመምህርና የወላጅ ቀጠሮ ወረቀት ሲመጣ ብዙዎቻችን “ምን አጥፍተህ ነው?” እንላለን፤ ወይም ፈረቃ አሳብበን እንቀራለን። ቀጠሮው ግን ለሁሉም ወላጅ የሚላክ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ አስተርጓሚ ቢጠይቁም ትምህርት ቤቱ ያቀርባል። እኔ ስሄድ ውጤቱን አስቀድሜ በወረቀት ስለማየው ስለ እርሱ ብዙ አልጠይቅም። “ልጄ ክፍል ውስጥ የት ነው የሚቀመጠው? በዕረፍት ሰዓትስ ከማን ጋር ነው የሚውለው?” እላለሁ። ባለፈው ያገኘኋት መምህርት ኮምፒውተሯን ሳታይ መለሰችልኝ፤ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ።