በኢቃማ ላይ የቆመ ቤት፦ ኩዌት ውስጥ ግማሽ ምዕተ ዓመት የኖሩ ቤተሰቦች ታሪክ



«ዐረብ አገር» የሚለው ቃል ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። አንዱ ቤት እህት ጅዳ ናት፤ ሌላው ቤት ወንድም ዱባይ ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ኩዌት ቆይታ ተመልሳለች። አብዛኛውን ጊዜ የምናውቀው የብቻ ጉዞን ነው። ሰው ይሄዳል፣ ይሠራል፣ ይልካል፣ ይመለሳል። አሁን አሁን ግን ሌላ ጥያቄ እየተደጋገመ ነው። ተምረው ሙያ የያዙ ወጣቶች «ጥሩ ሥራ ካገኘሁ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ጠቅልዬ ብሄድስ?» ይላሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ቤተሰብ አብሮ መኖሩን የሚጠላ የለም። ይህንኑ ጥያቄ ግን ከእኛ በፊት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጠይቀውታል፤ መልሱንም በዕድሜያቸው አይተውታል። ዛሬ የምናወራው ስለ እነሱ፣ ማለትም ስለ ኩዌት ፍልስጤማውያን ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*ከነዳጁ በፊት የገቡት መምህራን*

በ1930ዎቹ ኩዌት ዛሬ የምናውቃት ሀብታም አገር አልነበረችም። ሕዝቧ ከባሕር ዕንቁ እያወጣና በመርከብ እየነገደ የሚኖር፣ የበረሃ ዳር የወደብ ከተማ ነበረች። ጃፓኖች ዕንቁን በእርባታ ማምረት ሲጀምሩ የባሕረ ሰላጤው የዕንቁ ገበያ ተመታ፤ ኩዌትም አብራ ተጎዳች።

በዚያ በችግር ዘመን፣ በ1936፣ ዘመናዊ ትምህርት ለማስፋፋት ጥቂት መምህራን ከፍልስጤም መጡ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን። ፍልስጤማውያን ወደ ኩዌት የገቡት ነዳጁን ተከትለው ብቻ አይደለም። ነዳጁ ገና ሳይሸጥ ጠመኔ ይዘው የገቡ ነበሩ።

በ1938 ቡርጋን በተባለው ቦታ ነዳጅ ተገኘ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥራውን አዘገየውና የመጀመሪያው ጭነት ወደ ውጭ የወጣው በ1946 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ ከ700 ሺህ በላይ ፍልስጤማውያን ከቤት ንብረታቸው ተፈናቀሉ። በአንድ በኩል ገንዘብ አግኝታ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህርና ጸሐፊ የምትፈልግ አገር፤ በሌላ በኩል የተማረና ሥራ የሚችል ነገር ግን አገር ያጣ ሕዝብ። ሁለቱ ተገናኙ።

*መጀመሪያ ወንዶቹ፣ በኋላ ቤተሰቡ*

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሄዱት በአብዛኛው ወጣት ወንዶች ነበሩ። ሁሉም በቪዛ አልገቡም። ከኢራቋ በስራ ተነስተው፣ ለደላላ ከፍለው፣ በረሃውን በስውር የሚያቋርጡ ብዙ ነበሩ። በመንገድ የቀሩም አሉ። ራሱ ኩዌት ውስጥ በመምህርነት ያገለገለው ፍልስጤማዊው ጸሐፊ ጋሳን ከነፋኒ በ1963 ያሳተመው «ሰዎች በፀሐይ ውስጥ» የተባለው ልብ ወለድ ይህንኑ ጉዞ ነው የሚተርከው። የኦቦክንና የየመንን መንገድ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ታሪኩ ባዕድ አይሆንበትም።

የ1967ቱ ጦርነት ነገሩን ለወጠው። ዌስት ባንክና ጋዛ በእስራኤል እጅ ሲወድቁ፣ ቤተሰቡን እዚያ ትቶ ኩዌት ይሠራ የነበረው አባወራ ሚስቱንና ልጆቹን ማስመጣት ጀመረ። የላጤዎች ማኅበረሰብ የነበረው የቤተሰብ ማኅበረሰብ ሆነ። ሐወሊ የተባለው ሰፈር በሱቁ፣ በዳቦ ቤቱና በንግግር ዘዬው የፍልስጤም ከተማ መሰለ። ልጆቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ትምህርት ቤቶች አልበቃ አሉ። ስለዚህ ከ1967 እስከ 1976 ድረስ የፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሕንፃ ውስጥ ከሰዓት በኋላ የራሱን ትምህርት ቤቶች ያካሂድ ነበር።

እዚያ የተወለዱት ልጆች ፍልስጤምን የሚያውቋት ከወላጆቻቸው አንደበት ነበር። የሚያውቁት ባሕር የኩዌትን ባሕር፣ የሚያውቁት ሙቀት የኩዌትን ሙቀት ነው። በ1990 ቁጥራቸው 400 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር። ከአገሪቱ ነዋሪ አምስት ሰው ብንወስድ አንዱ ማለት ይቻላል ፍልስጤማዊ ነበር።

*ወረቀቱ ግን አልተለወጠም*

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰዎቹ ሥር ሰደዋል፤ የቆሙበት ወረቀት ግን ያው የመጀመሪያው ነበር።

ኩዌት በ1959 ሁለት ሕጎች አወጣች። አንደኛው የዜግነት ሕግ ነው። በመሠረቱ ኩዌታዊ የሚባለው ከ1920 በፊት አገሪቱ ውስጥ ሰፍሮ የኖረና የእሱ ዘር ነው። ሁለተኛው የውጭ ዜጎች የመኖሪያ ፈቃድ ሕግ ነው። ሳዑዲም የራሷን የኢቃማ ሕግ በ1952 አውጥታ ነበር። የእነዚህ ሕጎች መንፈስ አንድ ነው፦ የውጭ ሰው የሚኖረው በአሠሪው ወይም በከፊሉ ስም በተያዘ ፈቃድ ነው። ሚስትና ልጆች ደግሞ በአባወራው ፈቃድ ላይ ተደርበው ይኖራሉ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ቤት እንየው። አባትየው ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ቤቱ ሙሉ ነው። ሥራው ሲቋረጥ ግን የሚቋረጠው የእሱ ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ የሚስቱም የልጆቹም የመኖሪያ ፈቃድ አብሮ ይናወጣል። ወንድ ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ በአባቱ ስም መኖሩ ያበቃል፤ ተማሪ ካልሆነ የራሱን ሥራና የራሱን ከፊል መፈለግ አለበት። ሱቅ ልክፈት ያለ ሰው፣ በ1960ው የንግድ ማኅበራት ሕግ መሠረት ቢያንስ 51 በመቶው የኩዌታዊ መሆን ነበረበት። መሬትና ቤት በስሙ ማድረግም በአብዛኛው አይችልም። ሠላሳ ዓመት ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ እንደ ዜጎቹ የጡረታ አበል የለውም። የአገልግሎት ዘመኑ ክፍያ በአንዴ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚኖርበትን አገር መፈለግ የራሱ ጉዳይ ነው።

በሰላሙ ጊዜ ይህ ሁሉ ብዙም አይታይም ነበር። ኢቃማው ይታደሳል፣ ልጆቹ ይማራሉ፣ በክረምቱ ዕረፍት ወደ አማን ይኬዳል፣ ይመለሳል። ዓመታት እንዲህ ሲያልፉ ሰው ጊዜያዊውን ነገር ቋሚ አድርጎ ማየት ይጀምራል።

*ኦገስት 2፣ 1990*

በዚህ ቀን የሳዳም ሑሴን ጦር ኩዌትን ወረረ። ወሩ የዕረፍት ወር ስለነበር ብዙ ቤተሰቦች ከአገር ውጭ ነበሩ። ለሁለት ሳምንት ጥየቃ ብለው የወጡ ሰዎች ልብሳቸው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ የልጆቻቸው ደብተር ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ቤታቸውን ደግመው ሳያዩ ቀሩ። ኢራቅ የኩዌትን ዲናር ከመገበያያነት አስወጣች። በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ለወራት የማይደረስበት ሆነ።

ከዚያ ፖለቲካው መጣ። የፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅት አመራር ወደ ሳዳም ያደላ መስሎ ታየ። ኩዌት ውስጥ የነበረው ፍልስጤማዊ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ከወራሪው ጋር የተባበሩ ነበሩ፤ ኩዌታዊ ጎረቤታቸውን የደበቁና ምግብ ያካፈሉም ነበሩ። ኩዌታውያን በወረራው ብዙ ግፍ አይተዋል፤ ቁስላቸው የእውነት ቁስል ነው። ነገር ግን አገሪቱ በፌብሩዋሪ 1991 ነጻ ስትወጣ ቅጣቱ ለይቶ አልመጣም። ብዙዎች ከሥራ ተሰናበቱ፣ ፈቃዳቸው አልታደስም ተባለ፣ የታሰሩና የተደበደቡም ነበሩ። ውጭ የነበሩት መመለስ ተከለከሉ።

ከ400 ሺህ ሰው ውስጥ ኩዌት የቀሩት በጥቂት አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። 300 ሺህ ያህሉ ዮርዳኖስ ገቡ፤ ብዙዎቹ የዮርዳኖስ ፓስፖርት ስለነበራቸው ነው። ከሁሉ የከፋ መከራ የደረሰባቸው መነሻቸው ጋዛ የሆኑት ናቸው። በእጃቸው የነበረው የግብፅ የጉዞ ሰነድ ነበር፤ ሰነዱ ግን ግብፅ ገብቶ ለመኖር መብት አይሰጥም። ኩዌት ውጡ ትላለች፣ የሚቀበል አገር የለም። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ፎቅ ሃያ ዓመት ኖረው፣ በዚያች ቀን ዕጣቸውን የለየው የያዙት ሰነድ ሆነ።

በዚያው ዓመት የሳዑዲ በር ላይም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የመናውያን ሳዑዲ ውስጥ ለመኖር ከፊል አያስፈልጋቸውም ነበር። የየመን መንግሥት በጦርነቱ ላይ የያዘው አቋም ሳዑዲን ስላስቆጣ ይህ መብት በሴፕቴምበር 1990 ተነሳ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ 800 ሺህ ገደማ የመናውያን ወደ አገራቸው ገቡ። እነዚህ ሙስሊሞች ናቸው፣ ዐረቦች ናቸው፣ ጎረቤቶች ናቸው። የቋንቋም የሃይማኖትም አንድነት ፈቃዱን ሊያድነው አልቻለም።

*ታዲያ ምን ተረፈ?*

ታሪኩ በለቅሶ ብቻ አያበቃም። አማን የደረሱት ቤተሰቦች ሁለት ነገር ይዘው ነበር። አንደኛው፣ ጥንቃቄ ያደረጉት ከኩዌት ውጭ ያስቀመጡት ገንዘብ ነው። በዚህ ገንዘብ ቤት ሠሩ፣ ሱቅና ፋብሪካ ከፈቱ፤ በ1992 የዮርዳኖስ ኢኮኖሚ በግንባታ ሥራ ተነቃቅቶ በፍጥነት አደገ። ሁለተኛው ደግሞ የልጆቻቸው ትምህርት ነው። ሐኪሙ ሐኪም፣ መሐንዲሱ መሐንዲስ ሆኖ ነው የመጣው። ድንበር ላይ የማይወረስ ንብረት ይህ ብቻ ነበር።

በ2004 መሐሙድ አባስ ኩዌት ሄደው ስለ 1990ው አቋም ይቅርታ ጠየቁ። በ2017 ደግሞ ኩዌት ከዌስት ባንክ መምህራንን እንደገና ቀጠረች። አስታውሱ፤ በ1936 የገቡት መምህራን ነበሩ። በሩ ከተዘጋ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም ያንኑ በር ያስከፈተው የመምህርነት ሙያ ነው።

*ወደ እኛ ስንመጣ*

የእኛ ሰው ታሪክ ከእነሱ ይለያል። ፍልስጤማውያኑ አብዛኞቹ ፈቃድ ነበራቸው፤ ከእኛ ወገን ብዙው ያለ ፈቃድ ወይም በቤት ሠራተኝነት የሄደ ነው። በኖቬምበር 2013 ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከእነሱ መካከል እዚያ የተወለዱ ሕፃናትን ያቀፉ እናቶች ነበሩ። ቦሌ ሲደርሱ አብዛኞቹ በእጃቸው የያዙት አንድ ሻንጣ ነበር።

በሕጋዊ መንገድ ቤተሰብ ይዞ መኖርም ቢሆን በደመወዝ የሚለካ ነገር ነው። ሳዑዲ ከጁላይ 2017 ጀምሮ በእያንዳንዱ የውጭ ሠራተኛ ቤተሰብ አባል ላይ በወር 100 ሪያል መጣል ጀመረች፤ በየዓመቱ እየጨመረ በ2020 ወደ 400 ደረሰ። ሚስትና ሦስት ልጅ ያለው ሰው በወር 1,600 ሪያል ማለት ነው፤ ከቤት ኪራይና ከትምህርት ቤት ክፍያ ውጭ። በዚህ የተነሳ ብዙ የውጭ አገር አባወራዎች ቤተሰባቸውን ወደ አገር ቤት መልሰው ብቻቸውን ቀርተዋል። ኤምሬትስ በ2019 ቤተሰብ ለማምጣት 4,000 ድርሃም፣ ወይም ቤት ለተሰጠው 3,000 ድርሃም ደመወዝ ጠየቀች። ኩዌት በ2024 መጀመሪያ 800 ዲናር አለች። ቁጥሮቹ ይቀያየራሉ፤ መለኪያው ግን ያው ነው። ሳዑዲና ኤምሬትስ በ2019 የረጅም ጊዜ መኖሪያ ፈቃድ ጀምረዋል፤ ያ ግን በዋነኛነት ለባለሀብትና ለከፍተኛ ባለሙያ የተዘጋጀ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍነው «አትሂዱ» ለማለት አይደለም። ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው። ቤተሰቡን ይዞ የሄደ፣ ልጆቹን አስተምሮ በክብር የተመለሰ ብዙ ወገን አለ። ነገር ግን የኩዌቶቹ ቤተሰቦች ታሪክ ከመሄዳችን በፊት አራት ጥያቄ እንድንጠይቅ ያስገድደናል፦

አንደኛ፣ ሥራዬ ነገ ቢቋረጥ ቤተሰቤ የት ነው የሚያድረው? የአገር ቤቱን ጎጆ ሸጦ መሄድ እንደ ድፍረት ቢቆጠርም፣ የሚመለሱበትን በር በእጅ መዝጋት ነው።

ሁለተኛ፣ ልጆቼ የሚማሩት ትምህርት ሌላ አገር ያገለግላቸዋል ወይ? የትምህርት ማስረጃቸውስ በሥርዓቱ ተረጋግጧል?

ሦስተኛ፣ እዚያ የሚወለደው ልጄ የልደት ሰርተፍኬትና የኢትዮጵያ ፓስፖርት በጊዜው ይወጣለታል? የጋዛዎቹን ልጆች ያሰቃያቸው የሰነድ ነገር ነው።

አራተኛ፣ ያጠራቀምኩት ሁሉ ያለው በአንድ አገር ነው ወይ?

ሐወሊ ውስጥ የኖሩት አባቶች ሰነፎች አልነበሩም፣ ሞኞችም አልነበሩም። አገር ገንብተዋል። የተሳሳቱት ብዙዎቹ በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየዓመቱ የሚታደስን ወረቀት እንደ መሬት ቆጠሩት። እኛ ግን እነሱ ያዩትን ሰምተናል።

አላህ የሄዱትን ይጠብቅልን፣ የሚሄዱትን መንገዳቸውን ያሳምርላቸው። ቤተሰብ ይዞ ለመውጣት የሚያስብ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አድርሱላቸው።