ቆጋ፦ የግድብ ገንዘብና የሰው ጉዞ

የቆጋ ወንዝ ከባሕር ዳር በስተደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በመራዊ አካባቢ አልፎ ግልገል አባይን ይቀላቀላል፤ ግልገል አባይም ጣና ይገባል። በወንዙ ላይ ግድብ ከመሠራቱ በፊት የአካባቢው የሜጫ ወረዳ ገበሬ ኑሮ የክረምቱን ዝናብ የሚጠብቅ ነበር። በቆሎውና ዳጉሳው ከተሰበሰበ በኋላ አብዛኛው ማሳ እስከሚቀጥለው ክረምት የከብት መዋያ ይሆን ነበር። መሬት ያነሰው ወጣት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳል፤ ካልሆነም የቀን ሥራ ፍለጋ ከተማ ይገባል። ይህ የጎጃምና የጎንደር ደገኛ የቆየ ልማድ ነው።

የሚሄደው ሰው የት እንደሚያርፍ በመወሰን ረገድ የመንግሥት ወጪ ትልቅ ድርሻ አለው። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የፖሊቴክኒክ ተቋም ሲተከልባት ከትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማነት ወጣች። በ1980ዎቹ የክልል መቀመጫ ስትሆን ደግሞ ቢሮዎቹ ሠራተኛውን፣ ሠራተኛው ነጋዴውን፣ ግንባታው የቀን ሠራተኛውን ሳቡ። የገጠሩ ተራ የደረሰው ዘግይቶ ነው።

በቆጋ ላይ ገንዘቡ የፈሰሰው ከአፍሪካ ልማት ባንክ በተገኘ ብድር ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. የተጠናቀቀው ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል፤ መስኖውም 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ታስቦ ተሠራ። ውሃው በዋናው ቦይ ቀን ከሌሊት ስለሚፈስ ሌሊት የሚመጣው በኩሬ ተጠራቅሞ ገበሬው ጠዋት ማሳው ላይ ይለቀዋል። በበጋ ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ጎመን መብቀል ጀመረ። ከባለ ማሳው ቤተሰብ ጉልበት በላይ የሆነው የኩትኳቶና የለቀማ ሥራ ለቀን ሠራተኛ ተረፈ።

ጥቅሙ ግን የተከፋፈለው በመሬት ይዞታ ነው፤ ስለ ግድቡ ሲወራ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በክልሉ የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለአካለ መጠን የደረሰ ወጣት ቦዩ በደጁ ቢያልፍም የሚያጠጣው ማሳ ላይኖረው ይችላል። ያለው አማራጭ መከራየት፣ የእኩል ማረስ ወይም በቀን መቀጠር ነው። ውሃው የተኛበትን መሬት ባለይዞታዎች ደግሞ ግድቡ ራሱ ከቀያቸው አነሳቸው፤ ያው ወጪ አንዱን አስቀምጦ ሌላውን አፈለሰ።

የወረዳው በጀት ለብቻው ይህን ሊያስተካክል አይችልም። ከ1995 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ወረዳዎች የጥቅል በጀት ድጎማ ቢያገኙም አብዛኛው የሚሄደው ለመምህር፣ ለጤናና ለግብርና ባለሙያ ደመወዝ ነው። ይህም የራሱን ስደተኛ ይጠራል፦ ተመድቦ የሚመጣ፣ ቤት የሚከራይ፣ ዝውውር የሚጠብቅ የመንግሥት ሠራተኛ።

ወደ ወጣቱ ጉዞ ስንመለስ፣ የሰሊጥ አጨዳ በአብዛኛው በጥቅምት ይከናወናል፤ የመስኖው ሥራ የሚጠነክረው ግን ከኅዳር ወዲህ ነው። ስለዚህ መስኖው የቆላውን ጉዞ አላስቀረውም፤ መሬት የሌለው ወጣት ከመተማ ተመልሶም ለድንችና ለሽንኩርት ሥራ ይደርሳል።