ምላጭ፣ መርፌና እጅ፦ የንጹሕ ሕክምና ታሪክ በወልድያና በአካባቢዋ

ወልድያ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በደሴና በመርሳ አልፎ ወደ መቀሌ የሚወጣው መንገድና ወደ ላሊበላ፣ ደብረ ታቦርና ወረታ የሚያቀናው መንገድ የሚለያዩት እዚያ ነው። አስፋልት ከመነጠፉ በፊትም ነጋዴው፣ ተሳላሚውና ዘማቹ በየጁ ምድር ያልፉ ነበር፤ ወረርሽኝም የሚጓዘው ከእነሱ ጋር ነው። ስለዚህ የሕመምተኛ እንክብካቤና የተላላፊ በሽታ መከላከል ታሪክ በዚህ አገር ከሐኪም ቤቱ ታሪክ ይቀድማል።

ሕመምተኛን ከጤነኛ መለየት ቀድሞ የታወቀ ጥበብ ነበር። በ1858 ዓ.ም. ኮሌራ ጣና ዳር ቆራጣ በሰፈረው በዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ላይ በወረደ ጊዜ ንጉሡ ሰፈሩን ነቅለው ወደ በጌምድር ደጋ አወጡት። ለፈንጣጣ ደግሞ ክትባት ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ እንደጻፈው ሰዎች ይሰበሰቡና ደብተራው በእያንዳንዱ ክንድ ላይ በምላጭ ትንሽ መስቀል ይበጣል፤ ከሕመምተኛ የተወሰደውንም መግል በብጣቱ ላይ ያደርጋል። የተከተበው ሰው ብዙውን ጊዜ ቀለል ባለ ሕመም ያልፋል፣ ዳግመኛም አይያዝም። ትልቅ እውቀት ነው። ጉድለቱ ምላጩ ላይ ነበር፤ ያው ስለት ከክንድ ወደ ክንድ ሲሻገር ሌላ በሽታ ይዞ ሊሻገር ይችላል። የዋግምት ቀንድ፣ የእንጥል ቆራጩ መሣሪያና የግርዛት ምላጭም ተመሳሳይ አደጋ ነበረባቸው።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጉድለት አልነበረም። ቪየና ውስጥ ሐኪሙ ዜመልቫይስ የሥራ ባልደረቦቹን እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ1847 ነው፤ የወላዶች ሞት ወዲያው ቢቀንስም ብዙዎቹ ሐኪሞች አልተቀበሉትም። ሊስተር የቀዶ ሕክምና ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማጽዳቱን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1867፣ ከቆራጣው ኮሌራ አንድ ዓመት በኋላ ነው።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. የበረታው ኢንፍሉዌንዛ፣ በሕዝቡ አጠራር የኅዳር በሽታ፣ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ጠርጎ የማቃጠል ልማድ ከዚያ ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ጢሱ ቫይረሱን አይገድልም፤ ግን ዝንብና አይጥ የሚራቡበትን ጉድፍ ማስወገዱ ለሌላ በሽታ ይጠቅማል።

ዘመናዊው ሕክምና ወደ ወሎ ሲደርስ ሰላም አላገኘም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የሚስዮኑ ሆስፒታል አልተረፈም፤ የካቲት 25 ቀን ደግሞ ኮረም አጠገብ የሰፈረው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ቡድን ተደበደበ። ከጦርነቱ በኋላ በየከተማው የክሊኒኩን ሥራ የተሸከመው በአብዛኛው ረዳት የጤና ሠራተኛው፣ ድሬሰሩ፣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ።

የዚያ ዘመን መርፌ በራሱ አንድ ትምህርት ነው። ስሪንጁ የመስታወት ነበር፤ መርፌው ሲደነዝዝ ተስሎ ይመለሳል። ተፈታትቶ ይታጠባል፣ በብረት ሣጥን ውስጥ በላምባ ምድጃ ላይ ይፈላል። ሃያ ደቂቃ የፈላ ውሃ ብዙ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ የቴታነስን ዘር ግን አያጠፋም፣ ለእሱ 121 ዲግሪ የሚደርስ የእንፋሎት ግፊት ያለው አውቶክሌቭ ያስፈልጋል። ደም ሳይታጠብ የደረቀበት ስሪንጅ ቢፈላም አይታመንም። ተራ በሚጠብቅ ሕዝብ ፊት ሃያ ደቂቃ መታገሥ ከባድ ነበር፤ ብዙ ጉዳት የደረሰውም በዚያች ጥድፊያ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ፣ በወቅቱ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም፣ ተስቦና ግርሻ በመጠለያው ገቡ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው የልብስ ቅማል ናት። ቅማል በትኩሳት ከጋለ ወይም ከሞተ ገላ ወጥታ ወደሚቀጥለው ሰው ትሄዳለች፤ በደጋው ብርድ ተጠጋግቶ የሚያድር ሕዝብ ደግሞ መንገዷን ያቀልላታል። ስለዚህ መከላከያው ልብስን አውልቆ መቀቀል፣ ፀጉርን መላጨትና ገላን ማጠብ ነው። ቅማሏን በጥፍር የጨፈለቀ አስታማሚም የግርሻን ተሕዋስ በተጫረ ቆዳው በኩል ሊያስገባ ይችላል። ሌላም አደጋ ነበር፦ ግርሻ የያዘው ሰው የመጀመሪያውን መድኃኒት በወሰደ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይነድዳል፣ ከዚያም የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ አንዳንዱም በዚያው ይሞታል። መድኃኒቱን ሰጥቶ ፊትን ማዞር ስለዚህ ሕክምና አይባልም፤ ነርሱ አጠገቡ ሆኖ ትኩሳቱን፣ የልብ ምቱንና ግፊቱን መከታተል አለበት።

ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ኦጋዴን ከተገኘ በኋላ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የኤድስ ሕመምተኞች መታየት የድሮውን የምላጭ ጥያቄ አነሣው። አንድ ጊዜ ተወግቶበት የሚጣል ስሪንጅ፣ ሴፍቲ ቦክስና ጓንት የሥራው ግዴታ ሆኑ፤ የማንኛውም ሕመምተኛ ደም ተላላፊ እንደሆነ ተቆጥሮ መያዝ አለበት የሚለው ሕግም ሥር ሰደደ። ተማሪው በረኪና መበጥበጥን ይማራል፦ 5 በመቶ ከሆነው አንድ እጅ፣ ከውሃ ዘጠኝ እጅ፣ ውጤቱ 0.5 በመቶ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር የእጅ መታጠብንና የመጸዳጃ ቤትን ትምህርት መርሳ ባለችበት ወደ ሀብሩ ወረዳ ገጠር ቤቶች አደረሰ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮቪድ አገር ውስጥ መግባቱ ሲታወቅ የእጅ መታጠቢያ በየበሩ ቆመ፤ ወረርሽኙ ሲረግብ ብዙው ደርቆ ቀረ።

ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ በወልድያ ባለፈው ጦርነት የከተማዋ ሆስፒታል መሣሪያዎች ተዘረፉ። ያም ሆኖ በአካባቢው የሚሠለጥኑ የጤና ተማሪዎች ዛሬ እጅን በአምስት ጊዜ እንዲያጸዱ ይማራሉ፦ ሕመምተኛን ከመንካት በፊት፣ ንጽሕና ከሚጠይቅ ሥራ በፊት፣ ከሰውነት ፈሳሽ ንክኪ በኋላ፣ ሕመምተኛን ከነኩ በኋላ፣ የሕመምተኛውን አካባቢም ከነኩ በኋላ። ይህ የሚፈጸመው ክፍሉ ውስጥ ውሃና ሳሙና ወይም አልኮል ካለ ነው፤ እነዚህን ማቅረብ የተማሪው ሳይሆን የተቋሙና የመንግሥት ግዴታ ነው።