ለስላሳና ድንጋያማ ኮራሎችን በአንድ ገንዳ ማኖር

በሆቴሎች መግቢያ፣ በክሊኒኮች የእንግዳ ማረፊያና በአንዳንድ መኖሪያ ቤቶች የወርቅ ዓሣ የሚዋኝበት የመስታወት ገንዳ ማየት ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። የባሕር ውሃ የያዘና ሕይወት ያላቸው ኮራሎች የሚያድጉበት ገንዳ ግን ከዚህ በእጅጉ ይለያል። ይህን ዓይነቱን ገንዳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በቀራንዮ አካባቢ ለማቋቋም የሚያስብ ሰው ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። አንደኛው ኮራሎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይጠፋፉ ምን ማድረግ እንደሚገባ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከባሕር የራቀውና ከፍተኛው ቦታችን የሚያስከትለውን ችግር እንዴት መወጣት እንደሚቻል ነው።

ኮራል ምንድን ነው?

ኮራል አበባ ወይም ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኮራል ብለን የምንጠራው ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሚኖሩበት ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ፖሊፕ አንድ አፍና በአፉ ዙሪያ የተደረደሩ ክር መሰል እጆች አሉት። በገንዳ ውስጥ የሚያድጉት አብዛኞቹ ዝርያዎች በሥጋቸው ውስጥ ጥቃቅን አልጌ ያስጠልላሉ። አልጌው ከብርሃን ምግብ ያዘጋጃል፣ ኮራሉም ከዚያ ይመገባል። ብርሃን ለኮራል የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ድንጋያማ ኮራሎች ከውሃው ካልሲየም እየወሰዱ የኖራ አጽም ይገነባሉ። አክሮፖራ፣ ሞንቲፖራ፣ ዩፊሊያና ጋላክሲያ ከእነዚህ ወገን ናቸው። ለስላሳ ኮራሎች እንዲህ ያለ ጠንካራ አጽም የላቸውም። በሥጋቸው ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን የኖራ ቅንጣቶች ብቻ ይዘው በውሃው ውስጥ ይወዛወዛሉ። እንጉዳይ የሚመስለው ሳርኮፊተን፣ ጣት የሚመስለው ሲኑላሪያ እና ፖሊፖቹን እየከፈተ የሚዘጋው ዜኒያ በዚህ ወገን ይመደባሉ። የለስላሳ ኮራል ፖሊፕ ስምንት እጆች ሲኖሩት፣ የድንጋያማው እጆች ብዛት በአብዛኛው የስድስት ብዜት ነው።

የሁለቱ ወገኖች ፉክክር

ኮራል አደጋ ሲመጣበት ከቦታው ተነስቶ መሸሽ አይችልም። ስለዚህ ለቦታና ለብርሃን በሚደረገው ፉክክር እያንዳንዱ ወገን የራሱን መሣሪያ ይጠቀማል። ከድንጋያማዎቹ አንዳንዶቹ በተለይ በሌሊት የሚናደፉ ረጃጅም እጆች ይዘረጋሉ። ጋላክሲያ በዚህ ባህሪው የታወቀ ሲሆን፣ እጆቹ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ርቀው ጎረቤቱን ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ሌሎች ደግሞ የሆድ ዕቃቸውን ክሮች ወደ ውጭ አውጥተው በአጠገባቸው ያለውን ኮራል ባለበት ያሟሙታል። ጁዲት ላንግ የተባሉ ተመራማሪ ይህን በጃማይካ ባሕር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሳትመዋል።

ለስላሳዎቹ በአብዛኛው የሚዋጉት በኬሚካል ነው። ተርፒን የሚባሉ ውሁዶችን ያመርታሉ፣ ከእነዚህም ጥቂቶቹን ወደ ውሃው ይለቃሉ። ፖል ሳማርኮ፣ ጆን ኮልና ባልደረቦቻቸው በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ግንብ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት ጥናት፣ ለስላሳ ኮራሎች ሳይነኩ እንኳ በአጠገባቸው ያሉ ድንጋያማ ኮራሎችን እድገት ሊገቱና ሊገድሉም እንደሚችሉ አሳይቷል።

በባሕር ውስጥ ይህን መርዝ ማዕበሉ ወዲያው ይበርዘዋል። በ300 ሊትር ገንዳ ውስጥ የተለቀቀ ኬሚካል ግን የሚሄድበት የለውም። እዚያው እየተመላለሰ ይጠራቀማል። በመሆኑም ኮራሎችን አራርቆ መትከል ከንክሻ ያድናል እንጂ ከመርዝ አያድንም። አንድ ውሃ እስከተጋሩ ድረስ በገንዳው ዳርና ዳር ያሉትም ጎረቤቶች ናቸው። ሁለቱን ወገኖች አብሮ የማኖር ጉዳይ ከሁሉ በፊት የውሃ አያያዝ ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ችግሩ ሲጀምር ድንጋያማው ኮራል ፖሊፖቹን ሳይከፍት ይሰነብታል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ እድገቱ ይቆማል። እየባሰ ሲሄድ ሥጋው ተልጦ ነጩ አጽም ይታያል። የውሃው ምርመራ ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ይህ ከታየ መጠርጠር ያለበት የለስላሳው ኬሚካል ነው።

አብሮ ለማኖር ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ገንዳው ሰፊ ይሁን። ከ300 ሊትር በታች በሆነ ገንዳ ሁለቱን መቀላቀል ለጀማሪ አይመከርም።

ሁለተኛ፣ አቀማመጡ ይታሰብበት። ኃይለኛ ብርሃንና ፈጣን የውሃ ፍሰት የሚፈልጉት እንደ አክሮፖራ ያሉት ከላይ፣ ለስላሳዎቹ ከታች ይቀመጡ። ፓምፑ የሚገፋው ውሃ መጀመሪያ ድንጋያማዎቹን ነክቶ ወደ ለስላሳዎቹ ቢሄድ ይመረጣል። በመካከላቸው ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ረጃጅም እጅ ላላቸው ደግሞ ከዚያ በላይ ክፍተት ይተው። እንደ ዜኒያ በፍጥነት የሚዛመት ዝርያ ከሌሎቹ በተነጠለ ድንጋይ ላይ ቢተከል ይሻላል።

ሦስተኛ፣ አክቲቬትድ ካርቦን ሁልጊዜ ይሥራ። ይህ የተዘጋጀ ከሰል ተርፒኖችን ከውሃው ይመጥጣል። የመምጠጥ አቅሙ ስለሚያልቅ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ መለወጥ አለበት። አረፋ እየፈጠረ ቆሻሻ የሚያወጣው ፕሮቲን ስኪመርም ይረዳል።

አራተኛ፣ በየሳምንቱ ከውሃው 10 በመቶ ያህሉ ይቀየር።

አምስተኛ፣ ለስላሳ ኮራል በገንዳው ውስጥ አይቆረጥ። ሲቆረጥና ሲሞት የሚለቀው መርዝ ይበዛል። መቁረጥ ካስፈለገ የጨው ውሃ ባለበት ሌላ ዕቃ ውስጥ ቆርጦ፣ አለቅልቆ መመለስ ይገባል። የሞተም ወዲያው ይውጣ።

የውሃው ልኬት ለድንጋያማዎቹ ፍላጎት ይስተካከል፤ ለስላሳዎቹ በዚያ ይስማማሉና። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ጨዋማነቱ በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ 35 ግራም፣ ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም፣ ማግኒዚየሙ 1,300 ሚሊ ግራም አካባቢ፣ አልካሊነቱ ከ8 እስከ 9 የጀርመን ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። ከልኬቱ ይልቅ ኮራልን የሚጎዳው በየቀኑ መለዋወጡ ነው።

የቀራንዮ ፈተናዎች

የመጀመሪያው አየሩ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ውሃ ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ሙቀት የባሕር ውሃ በጠረፍ በሊትር ወደ 6.8 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው 5 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። በሌሊት አልጌው ኦክስጅን መሥራቱን ስለሚያቆም ጭንቀቱ ይበረታል። ስለዚህ የውሃው ገጽ ሌት ተቀን በደንብ መናወጥ፣ የዓሣውም ቁጥር ማነስ አለበት።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ ኮራሎቹን ቀድሞ የሚጎዳቸው የኦክስጅን እጥረት እንጂ ጨለማው አይደለም። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ወይም ቢያንስ አንዱን የውሃ ፓምፕ የሚያንቀሳቅስ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ቅዝቃዜው ስለሚበረታ፣ መብራት በጠፋባቸው ሰዓታት ገንዳውን በብርድ ልብስ መሸፈን ሙቀቱን ያቆያል። ይህ ሲደረግ የአየር ቱቦው እንዳይታፈን መጠንቀቅ ነው።

ሦስተኛው ውሃ ነው። ከተማዋ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ታገኛለች። ለመጠጥ ተብሎ የሚጨመረው ክሎሪንና በውሃው ያሉት ማዕድናት ለኮራል አይሆኑም። ውሃው በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ካለፈ በኋላ ለኮራል ገንዳ የተዘጋጀ ጨው ይጨመርበታል። የገበታ ጨውም ሆነ የአፋር አሞሌ ይህን አይተኩም፤ ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ናቸውና። 300 ሊትር ለመሙላት 11 ኪሎ ግራም ያህል፣ በየሳምንቱ 30 ሊትር ለመቀየር ደግሞ ከ1 ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ጨው ይፈጃል። በትነት የጎደለው ግን ጨው በሌለበት የተጣራ ውሃ ብቻ ይሞላል። ጨው አይተንምና።

አራተኛው ክብደት ነው። 300 ሊትር የያዘ ገንዳ ከድንጋዩና ከመስታወቱ ጋር ከ400 ኪሎ ግራም ይበልጣል። በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ከማስቀመጥ በፊት የሕንፃ መሐንዲስ ማማከር ብልህነት ነው።

ለቤተሰብ ጥንቃቄ

ከለስላሳ ኮራሎች ጋር የሚሸጡ፣ ቁልፍ የሚመስሉና ፓሊቶዋ የሚባሉ እንስሳት አሉ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ አደገኛ መርዝ ይይዛሉ። መርዙን ሙርና ሹየር የተባሉ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ከተገኘ ዝርያ ለይተው አውጥተዋል። ኮራል የበቀለበትን ድንጋይ ለማጽዳት ብለው በማፍላታቸው በእንፋሎቱ የተመረዙ ቤተሰቦች በተለያዩ አገሮች ሆስፒታል ገብተዋል። ስለዚህ ድንጋዩ በፍጹም አይፈላ፣ በደረቁም አይፈግፈግ። በገንዳው ውስጥ ሲሠሩ ጓንትና መነጽር ያድርጉ። ቁስል ባለበት እጅ አይግቡ። ከሥራው በኋላ የአፍ መምረር፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የጡንቻ ሕመም ከተሰማዎ ከክፍሉ ወጥተው ሆስፒታል ይሂዱ፤ ለሐኪሙም የመርዙን ስም ይንገሩ። የታወቀ ማርከሻ ስለሌለው ሕክምናው ምልክቶቹን መደገፍ ነው።

ከየት ይመጣሉ?

ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆኑት የኮራል ባሕሮች በጅቡቲና በኤርትራ ጠረፍ ያሉት ናቸው። ነገር ግን ከባሕር ነቅሎ በሻንጣ ይዞ መምጣት አይቻልም። ድንጋያማ ኮራሎች ለአደጋ በተጋለጡ ዝርያዎች ንግድ ላይ በተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በተለምዶ ሳይቲስ በሚባለው፣ ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በ1981 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፈቃዱን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። አብዛኞቹ ለስላሳ ኮራሎች በዝርዝሩ ባይካተቱም፣ በገንዳ የተራቡትን መምረጥ ይገባል። እነርሱ ከገንዳ ኑሮ ጋር የተላመዱ ከመሆናቸውም በላይ በሙቀት መጨመር የተጎዳውን ባሕር አያራቁቱም።

ለጀማሪ የሚሻለው በጥቂት ለስላሳ ኮራሎች ጀምሮ ውሃው ለስድስት ወር ያህል ሳይዋዥቅ መቆየቱን ማረጋገጥ፣ ከዚያም አንድ ድንጋያማ ኮራል ጨምሮ ለጥቂት ሳምንታት መከታተል ነው። የተጨመረው ኮራል ፖሊፖቹን ከፍቶ ማደግ ከጀመረ ሌላ መጨመር ይቻላል። ካልከፈተ ካርቦኑን መለወጥና ውሃውን መቀየር፣ ያም ካልረዳ ከሁለቱ ወገኖች አንዱን ብቻ መርጦ ማሳደግ ይመከራል።