የፈረስ ጫማ ሠሪው ልጆች

እህቴ ከአሜሪካ የደወለችው በወለደች በማግስቱ ነው። እዚህ እኩለ ሌሊት አልፏል። ሰላምታውን፣ የልጁን ክብደት፣ «ማንን ይመስላል» የሚለውን ሁሉ ከጨረስን በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስማ፣ ፎርም ሰጥተውኛል። ላስት ኔም የሚለው ላይ ምን ልጻፍ?» አለችኝ።

«የአባቱን ነዋ» አልኳት።

«የቱን?»

ጥያቄው የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው። የባለቤቷ ወረቀት ላይ በላስት ኔም ቦታ የገባው የአያቱ ስም ነው። በኛ ልማድ ልጁ የሚጠራው በአባቱ በራሱ ስም ነው፤ ወረቀቱን ከተከተልን ግን የአባቱ ስም ተዘልሎ የቅድመ አያቱን ይዞ ይቀራል። የእህቴ የራሷ ላስት ኔም ደግሞ የአባታችን ስም ነው። በደርግ ጊዜ የወጣው አጎታችን የአያታችንን ስም ይዟል፤ እዚያ የተወለዱት ልጆቹም እንደዚያው። ስለዚህ ለገና አንድ ትሪ ከቦ የሚቀመጠው ቤተሰብ በወረቀት ሲታይ ሦስት የማይተዋወቁ ቤተሰቦች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለብኝ። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ሥራ ፎርም ስሠራ «ላስት ኔም» የሚለው ሳጥን ላይ ያቺን ቀይ ኮከብ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ካልሞላችሁ አያሳልፋችሁም። በኋላ ዳታቤዙን ስከፍት አንዱ የአባቱን ስም ሁለቴ ጽፏል፣ አንዱ የአያቱን፣ አንዷ ነጥብ ብቻ አድርጋ አልፋለች። ያኔ ስቄ ነበር። እህቴ ስትጠይቀኝ ግን የምመልሰው አጣሁ።

የቤተሰብ ስም የሚባለው ነገር እንዴት ነው የሚፈጠረው? አንድ ሰው ሲሞት አብሮት የማይሞተው፣ ለልጅ ልጁም የሚተላለፈው እንዴት ነው? ይህን ለማወቅ አንድ ስም ይዤ መከተል ጀመርኩ። የመረጥኩት በሀገራችን በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ብቻ ይዘውት የኖሩትን ስም ነው፤ ግን የአንደኛው ዜማ ሲሰማ አገር በሙሉ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ስሙ ናልባንዲያን ነው።

ቃሉ ሦስት ቦታ ይቆረጣል። «ናል» ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ጫማ፣ በተለይም የፈረስ ጫማ። «ባንድ» ፋርስኛ ነው፤ የሚያስር፣ የሚገጥም። ሁለቱ ሲጋጠሙ ፈረስ ኮቴ ላይ ብረት የሚመታ ባለሙያ ማለት ነው። ይህን ቃል ቱርኮችም ወሰዱት። መጨረሻ ላይ ያለችው «ያን» የአርመንኛ ናት፤ የእገሌ ወገን፣ የእገሌ ልጅ እንደማለት። በአንድ ስም ውስጥ ዐረብ፣ ፋርስና አርመን ተቀምጠዋል። አርመኖች እንዲህ ዓይነት ብዙ ስም አላቸው፤ ቴርዚያን የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፣ ነጃርያን የአናጺ፣ ደሚርጂያን የአንጥረኛ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፈረስ ባለበት ሁሉ ጫማ ሠሪ አለ። ስለዚህ ናልባንዲያኖች ሁሉ ከአንድ አባት የወረዱ አይደሉም፤ ስሙ በብዙ ከተማ፣ በብዙ ጊዜ፣ ለየብቻው በቅሏል። ወደኋላ ብትከተሉት የምታገኙት መዶሻ የያዘ ሰው ነው። የዚያ ሰው የራሱ ስም ግን የለም። ስሙ ሙያውን አስቀምጦ ሰውየውን ጥሎታል።

ወደኛ የመጣው ቅርንጫፍ መነሻው አይንታብ ነው፣ በዛሬዋ ደቡብ ቱርክ። ኬቮርክ ናልባንዲያን እዚያ ተወለደ። (ኬቮርክ ማለት በኛ ጊዮርጊስ ነው።) እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ በኦቶማን ግዛት አርመኖች ላይ የዘር ጭፍጨፋ ሲፈጸም የአይንታብ አርመኖችም ከቤታቸው ተነቀሉ። የተረፈው ሕዝብ ወደ ሶርያ፣ ወደ ሊባኖስ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ተበተነ። ከተማዋ ራሷ እንኳ ስሟን አልያዘችም፤ እ.ኤ.አ. በ1921 «ጋዚ» የሚል ማዕረግ ተጨምሮላት ዛሬ ጋዚያንቴፕ ትባላለች።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን አውሮፓን ሊጎበኙ ሲሄዱ ኢየሩሳሌም ላይ አረፉ። እዚያ የአርመን ገዳም ውስጥ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች የነሐስ ባንድ ሲጫወቱ ሰሙ። ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ልጆቹ አዲስ አበባ የገቡት በዚያው ዓመት ጳጉሜን ውስጥ ነው። «አርባ ልጆች» ተብለው የቀሩት እነዚህ ናቸው፤ መሪያቸው ደግሞ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው እሱ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ላይ ተሰማ፤ እስከ አብዮቱ ድረስም አያቶቻችን ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ተሰልፈው በሱ ዜማ ዘመሩ።

ቀጥሎ የወንድሙ ልጅ ኔርሲስ መጣ። እሱም የአይንታብ ልጅ ነው። በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር (የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር)፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሠራ። የኛን ቅኝት ለትልልቅ የነሐስ ባንዶች አቀናበረ፤ የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ዘፈን ላይ የምትሰሙት ያ የጥሩምባ አደራደር ውስጥ እጁ አለበት። ኢትዮጵያዊ ዜግነት አገኘ፣ እዚሁ ኖሮ ሞተ።

ዓለም ላይ ስሙን ስትፈልጉት የሚያስቅ ነገር ይገጥማችኋል። አርሜንያ ዛሬ የምትዘምረው ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙ የተወሰደው ከሚካኤል ናልባንዲያን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1829 በዶን ወንዝ ዳር፣ ከክራይሚያ የሄዱ አርመኖች በሠሩት ከተማ የተወለደ ጸሐፊ። በአንዱ አገር ግጥሙ፣ በሌላው ዜማው፤ ሁለት ብሔራዊ መዝሙር በአንድ የፈረስ ጫማ ሠሪ ስም። ትብሊሲ የተወለደው ዲሚትሪ ናልባንዲያን ስታሊንን የሣለ የሶቪየት ሠዓሊ ነው። አርጀንቲና ኮርዶባ ውስጥ ደግሞ የአርመን ስደተኛ የልጅ ልጅ የሆነው ዴቪድ ናልባንዲያን ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የዊምብልደን ፍጻሜ ደረሰ። ስሙ ሮጧል። የሮጠው ግን ወዶ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከኋላው የሚያሳድደው ነበር።

ስሙ በየደረሰበት ጭራው ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ1934 ቱርክ የቤተሰብ ስም ሕግ አወጣች፤ ሁሉም ዜጋ ላስት ኔም እንዲይዝ ታዘዘ። በዚያው ዓመት የወጣው ደንብ እንደ «ያን»፣ «ኦፍ»፣ «ቪች»፣ «ዲስ» ያሉ ጭራዎችን ከለከለ። ብዙ አርመኖች ጭራውን ቆርጠው ናልባንት ሆኑ፣ ወይ በቱርክኛው የልጅነት ጭራ ናልባንቶግሉ። (ይህን ስም የያዘ ሁሉ አርመን ነው ማለት ግን አይደለም፤ ቱርኩም ፈረስ ነበረው።) ቡልጋርያ ናልባንቶቭ አለ፣ ግሪክ ናልባንቲስና ናልባንቲዲስ። ምዕራባዊ አርመንኛ ደግሞ «በ»ን እንደ «ፐ»፣ «ደ»ን እንደ «ተ» ስለሚያነብ ናልፓንትያን የሚሉ አሉ። የሰውየውን መንግሥት ማወቅ ከፈለጋችሁ የስሙን መጨረሻ እዩ።

እኔ በሥራዬ ይህን ነገር በሌላ በኩል አውቀዋለሁ። ሳውንዴክስ የሚባል አሮጌ ዘዴ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብት የተሰጠው፣ ስሞችን በድምፃቸው የሚያቧድን። የመጀመሪያውን ፊደል ያስቀራል፣ አናባቢዎቹን ይጥላል፣ የሚቀራረቡ ድምፆችን በአንድ ቁጥር ይተካል፤ «በ» እና «ፐ» 1 ናቸው፣ «ደ» እና «ተ» 3፣ «ለ» 4፣ «መ» እና «ነ» 5። ሦስት ቁጥር ሲሞላ ያቆማል። ናልባንዲያንን በላቲን ፊደል አስገባሁት፤ ኤን415 አለኝ። ናልፓንትያን፦ ኤን415። ናልባንቶግሉ፣ ናልባንቶቭ፣ ናልባንቲዲስ፦ ኤን415። ጭራው ላይ ሳይደርስ ስለሚያቆም፣ መንግሥታት የቆረጡትንና የቀጠሉትን ሁሉ አያየውም። ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ ትንሽ ጊዜ ዝም አልኩ።

የኛ ስም ግን ለሳውንዴክስ አይመችም። አንደኛ፣ ፊደላችን፦ ፀሐይ የሚለውን ስም ብቻ ውሰዱ። ሁለት «ጸ»፣ ሦስት «ሀ» ስላሉን ቢያንስ በ6 መንገድ ይጻፋል። ሁለተኛውና ዋናው፣ የሚያቧድነው ነገር የለም። ስማችን ተከታታይ ነው፤ የኔ፣ የአባቴ፣ የአያቴ። ልጅ ሲወለድ ከፊት አንድ ይጨመራል፣ ከኋላ አንድ ይወድቃል።

ይህን ለማርጋት ተሞክሮ አያውቅም እንዳትሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይናገራል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ ወጣ፣ መጽሐፉ ታተመ፣ ሕዝቡ ግን እንደ ድሮው በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። ቱርክ በደንብ ያስፈጸመችውን እኛ ዝም ብለን አሳለፍነው።

እንዲያውም የመጣብንን ላስት ኔም እኛ ነን የጣልነው። በምኒልክ ዘመን የመንገድ መዳመጫ መኪና ያስመጣው አርመናዊ ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ነው፤ ሕዝቡ መኪናውን «ሰርኪስ ባቡር» አለው። ቴርዚያን የሚለውን፣ ያንን የልብስ ሰፊውን ልጅ፣ ማን ያስታውሳል?

ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። ናልባንዲያን የሚለው ስም እዚህ ሊበቅል አይችልም ነበር። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው እኛ ዘንድ ስም ሳይሆን ስድብ ነው የተሰጠው፤ ቡዳ ተብሏል፣ ጋብቻ ተከልክሏል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። እዚያ ልጅ በኩራት ተሸክሞት ዓለምን የዞረው ሙያ፣ እዚህ ልጅ የሚደብቀው ነበር። ስንት አንጥረኛ የሆነ ቅድመ አያት ከትውልድ ቆጠራችን ውስጥ ሙያው ተሰርዞ ስሙ ብቻ እንደቀረ አስባለሁ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ የአርመን ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት፣ ክበብ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነበረው። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ተወረሰ። ቤተሰቦች አንድ በአንድ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ ሌላም ሄዱ። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም ቆሟል፤ ምእመናኑ ግን በጣም ጥቂት ናቸው። አዲስ አበባ ለስሙ መጠለያ ሆና ሳለ፣ በሁለት ትውልድ ውስጥ እሷም የምትሰደዱባት ከተማ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ወደዚያው መንገድ የገባነው እኛ ነን፣ ከነአጎቴ፣ ከነእህቴ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ በስልክ ነገርኳት። በትዕግሥት ሰማችኝና፣ «እሺ፣ ግን ፎርሙ ነገ ይሰበሰባል» አለች።

በመጨረሻ የጻፈችው የባለቤቷን ወረቀት ተከትላ ነው፤ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ አባትና ልጅ የተለያየ ላስት ኔም ይዘው እንዳይጉላሉ። የአባቱን ስም መሐል ላይ አስገባችው። ስለዚህ ገበሬ ሆኖ ኖሮ ከወረዳው ሳይወጣ የሞተ አንድ ሰው አሁን የአሜሪካ ቤተሰብ መነሻ ሆኗል። መቶ ዓመት ቆይቶ የሚመጣ የልጅ ልጅ ስሙን ይዞት ይዞራል፤ ማን እንደነበር ግን የሚነግረው ካላገኘ፣ ልክ እንደዚያ መዶሻ እንደያዘው ሰው ይሆንበታል።

እኔ በበኩሌ ሁለት ነገር አደረግኩ። ፎርሜ ላይ ያለችውን ቀይ ኮከብ አነሳሁ፤ አንድ መስመር ኮድ ነው። ከዚያ እሑድ አባቴ ጋ ሄጄ፣ «አባዬ፣ ሰባት ቤት ቁጠርልኝ» አልኩት። ድሮ ለጋብቻ ይቆጠር እንደነበረው። ላፕቶፔን ከፍቼ እሱ ሲል እኔ ጻፍኩ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ግንባሩን እያሸ፣ «ቆይ... ይሄንን አክስትህ ታውቀው ነበር» አለ።

አክስቴ ሰማንያ አልፏታል፣ ስልክም ብዙ አትሰማም። ቅዳሜ ልሄድ ትኬት ቆርጫለሁ።